ምጣዱ ከጠፋ በኋላ፦ ሙቀትን በቤትና በሥራ ቦታ በአግባቡ ለመጠቀም

እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ያ ሙቀት ካርድ የተሞላበት፣ ብር የወጣበት ነው። ብዙ ቤት ግን ማብሪያው ከጠፋ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ሙቀት መፍጠር ውድ ነው። የተፈጠረውን ማቆየት ግን ብዙም አያስወጣም። ስለዚህ ሥራን ከሙቀቱ ጋር ማሰለፍ ያዋጣል። ኃይለኛ ሙቀት የሚፈልገው ይቅደም፤ ለብ ያለ የሚበቃው ይከተል። ካዛንቺስ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ኑሩ፣ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተከራይታችሁም ኑሩ፣ ከዚህ በታች ያለው ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ የትኛው ዕቃ እንደሚበላ እወቁ

ሙቀት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ የዋት ቁጥር አለው። ቁጥሩን ለ1,000 አካፍሉና በሠራበት ሰዓት አባዙት። የሚመጣው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረውም እሱኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል 1 ኪሎዋት ሰዓት ለመፍጀት 100 ሰዓት መብራት አለበት። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ያንኑ በ17 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ልጆችን «መብራት አጥፉ» እያልን የምንጨቃጨቀውን ያህል ስለ ምጣድ፣ ስለ ቦይለርና ስለ ካውያ ብንነጋገር ቆጣሪው ላይ ለውጡን እናየው ነበር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከላይኛው እርከን ላይ የምትቀንሷት ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ከሁሉም ውዷ ናት።

እዚሁ አገር የተሠራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለውም። እንደዚያ ከሆነ የመጋገሪያ ቀን ላይ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፉ። ቆጣሪውን አንብቡ፣ 30 ደቂቃ ጋግሩ፣ ደግማችሁ አንብቡ። ልዩነቱን በ2 ስታባዙት የምጣዱን ኪሎዋት ታገኛላችሁ።

የመጋገሪያ ቀን

1. ሊጡ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሳይል ምጣዱን አታብሩ። የጋለ ምጣድ ሊጥ ሲጠብቅ ከማየት የባሰ ብክነት የለም። ማሰሻው፣ ሰፌዱና ሊጥ መቅጃው ሁሉም አጠገባችሁ ይሁን።

2. ምጣዱን ግድግዳው ላይ ካለ ሶኬት በቀጥታ ሰኩ። ቢቻል ለብቻው የተዘረጋ መስመር ይኑረው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ የተለመደው ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ማከፋፈያ ላይ መሰካት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ዳሰስ አድርጉት። ከጋለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ሶኬት ላይ የሚፈጠር ሙቀት የላላ ግንኙነት ምልክት ነው፤ እሳትም የሚነሳው እንዲህ ካለው ቦታ ነው። ቦይለሩም በዚያ ሰዓት ይረፍ።

3. አክንባሎውን ከድናችሁ አሙቁ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ጎመን ዘሩን በትናችሁ በማሰሻው አሹት። ከዚያ የመጀመሪያዋን እንጀራ አስፍታችሁ ዓይኗን ተመልከቱ። ሊጡ እንደፈሰሰ ዓይኑ ከዳር ወደ መሃል ቶሎ ቶሎ ከወጣ ሙቀቱ ደርሷል፤ የምጣዱ ፊት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው ማለት ነው። ዓይኑ ዘግይቶ እዚህም እዚያም ብቅ ካለ ምጣዱ ገና ነው። ሥሯ ከጠቆረ በዝቶባታል። ዓይን የሚሠራው ከሥር የሚገፋው ትኩስ አየርና እንፋሎት ነው። የላይኛውን ፊት የሚያበስለው ደግሞ አክንባሎው ሥር የታፈነው እንፋሎት ነው። አክንባሎው ዳሩ ከተጣመመና ከተነፈሰ እንጀራው ይዘገያል፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። አዲስ አክንባሎ መግዛት ምጣድ ከመቀየር ይረክሳል።

4. በመሃል አታቋርጡ። ስልክ ከመጣ ሌላ ሰው ያንሳላችሁ።

5. የመጨረሻው እንጀራ ሊጥ እንደፈሰሰ ማብሪያውን አጥፉት። ሸክላው ወፍራም ከሆነ ከዚያ በፊት ባለው እንጀራ ላይ ማጥፋት ይቻላል። የእንጀራው ጀርባ ከሌላው ትንሽ ቢነጣ ጣዕሙ አይጎድልም።

6. አሁን ተረኞቹ ይግቡ። ምጣዱ ገና ሲግል ተልባ ወይም ሱፍ አምሱበት፤ ወይም ለበርበሬ የሚገባውን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አሙቁበት። ትንሽ ሲበርድ የተረፈ እንጀራ ቆራርጣችሁ በትኑበትና አክንባሎውን ገርበብ አድርጉት፤ ድርቆሽ ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ግን እንጀራው ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። በመጨረሻ እጅ የሚያስነካ ሲሆን የዳቦውን ሊጥ ጎድጓዳ ሳህን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡበት። እርሾ ለብ ያለ ይወዳል። 40 ዲግሪ ይበቃዋል፤ 60 ከደረሰ ይሞታል። ጨርቅም ሆነ ፕላስቲክ የጋለ ምጣድ ላይ አይቀመጥም።

ውሃና ድስት

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽንብራ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረን፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ «የእናንተ ሥጋ አይበስልም እንዴ?» የሚለን ለዚህ ነው።

ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበትም ውሃው ከ92 አያልፍም። ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 0.08 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ያንኑ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ማፍላት ግን ከሰባት እጥፍ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሲፈላ ማብሪያውን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም። የስቶቩ ፊት ድስቱ ከተነሳ በኋላም ለደቂቃዎች ስለሚግል፣ ወጡ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አጥፉት። ሥሩ የተጣመመ ድስት ስቶቭ ላይ አይረባም፤ የነካው ቦታ ብቻ ይሞቃል።

የሚጠጣ ውሃ ስታፈሉ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ዝቅ ላሉ ቦታዎች የሚመከረው አንድ ደቂቃ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ግን ሦስት ነው።

ለጥራጥሬና ለጠንካራ ሥጋ ፕሬዠር (እንፋሎት አፍኖ የሚያበስል ድስት) መግዛት አያስቆጭም። ድስቱ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሽንብራና ባቄላ ስትቀቅሉ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን እንዳይደፍነው። እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን መታገል የለም።

ፕሬዠር ለሌለው ደግሞ ጋቢ አለ። ይህን ዘዴ ብዙ ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል፤ ከሁሉም በላይ መብራት ሊሄድ ይችላል ብላችሁ በምትጠረጥሩበት ቀን ይጠቅማል። የሚሆነው ለምስር፣ ለሩዝ፣ ለስንዴና ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ላደረ ሽንብራ ነው። ወፍራም ክዳን ያለው ድስት ያዙና ሁለት ሦስተኛውን ሙሉት፤ ግማሽ ባዶ ድስት ቶሎ ይበርዳል። ምስርና ሩዝ አምስት ደቂቃ፣ ሽንብራ 20 ደቂቃ ይፍላ። ክዳኑን ሳትከፍቱ አውርዱና ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ አስገቡት። በጋቢ ከሥርም ከላይም ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ምስር በአንድ ሰዓት፣ ሽንብራ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል። እስኪደርስ ድረስ ከፍቶ ማየት አይፈቀድም፤ አንዴ በተከፈተ ቁጥር ብዙ ሙቀት ይወጣል። ከመብላታችሁ በፊት አንድ ጊዜ መልሳችሁ አፍሉት።

ቦሎቄ ግን ይለያል። ቀይ ቦሎቄ ሳይበስል ከተበላ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። ስለዚህ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ አፍሉት፣ ከዚያ ወደ ጋቢው። ሥጋ በዚህ መንገድ አትሥሩ። ከ60 ዲግሪ በታች ለሰዓታት የቆየ ሥጋ የባክቴሪያ መራቢያ ነው።

ፔርሙዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ሻዩን ከመገልበጣችሁ በፊት በፈላ ውሃ አለቅልቁትና አሙቁት፤ እስከ አፉም ሙሉት።

የገላ ውሃ

50 ሊትር የሚይዝ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ውሃውን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.45 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በርቶ መዋል አያስፈልገውም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚታጠብ ሰው 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ቢያበራው ይደርስለታል። ቤተሰቡ ተከታትሎ ይታጠብ፤ አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ ከሆነ ሁለት ጊዜ ታሞቃላችሁ።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቦይለሩ ሥር ያለው ትንሽ ቫልቭ በሚሞቅበት ጊዜ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። ቫልቩን በቡሽም በፕላስተርም አትድፈኑት፤ የታፈነ ቦይለር ሊፈነዳ ይችላል። ከሥሩ ጆግ አስቀምጡለት። ቦይለሩ አዲስ የተገጠመ ወይም ለጥገና ተራግፎ የነበረ ከሆነ ደግሞ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ መውረዱን ሳታዩ አታብሩት። ማሞቂያው ባዶ ውስጥ ከበራ ይቃጠላል።

ለአንድ ሰው ባልዲ ያዋጣል። 14 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ይግባ። በላዩ 6 ሊትር የፈላ ጨምሩበት። 20 ሊትር፣ 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ የገላ ውሃ አገኛችሁ፤ ወጪውም ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ፍል ውሃ የያዘ ባልዲ ወለል ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሲፈለግ ነው ሕፃን የሚገባበት።

መሬት ያሞቀውን ውሃ የሚፈልግ ደግሞ ፍልውሃ እዚሁ መሃል ከተማ አለለት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ሰፈሩን የወደዱት በዚያ ውሃ ምክንያት ነው። እስካሁንም ሰው ይታጠብበታል።

ከሰል

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በሐምሌ ዝናብም ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቤቱን ለማሞቅ ብሎ ከሰል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። ከሰሉ ቀልቶ አመድ ቢለብስም ጋዙ አይቀርም።

ምድጃውን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ። ውስጥ ማስገባት ግድ ከሆነ በርና መስኮት ክፍት ይሁኑ፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ከያዘ ጉንፋን ነው አትበሉ። ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ። በ939 እሳትና ድንገተኛ አደጋን፣ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ማግኘት ይቻላል።

ለብርዱ ሌላ መላ አለ። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ቀን መጋረጃውን ግለጡት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ዝጉና መጋረጃውን ሳቡ። አልጋ ለማሞቅ ላስቲኩን የሙቅ ውሃ ከረጢት ተጠቀሙ። በሃይላንድ ጠርሙስ የፈላ ውሃ አትያዙ፤ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ተጨማዶ ይፈሳል።

የከሰልን ሙቀት መግራት የሚፈልግ ሰው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ሲያይ እጇን ይከታተል። ጀበናው ሲጣድ ከሰሉን ታራግባለች፤ አየር ሲበዛ ፍሙ ይበረታል። ቡናው ወደ አንገቱ ገንፍሎ ሲወጣ ታነሳዋለች፣ ትመልሰዋለች። አውርዳ እስኪሰክን ስትጠብቅ አመዱን በፍሙ ላይ ትስባለች። አየር ያነሰው ፍም ቀስ ብሎ ይነዳል። ደንበኛ ሲመጣ አመዱን ገፋ አድርጋ ሁለተኛውን ጀበና ትጥዳለች። አንድ እፍኝ ከሰል በዚህ አያያዝ ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ቡናው ሲቆላም መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከዚያ ይቢጫል፣ ይቀላል። መንጣጣት ሲጀምር ፍሬው 200 ዲግሪ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መጥቆሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ቀለም ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውርዱትና ሰፊ ሰፌድ ላይ በትኑት።

ካውያ

ካውያ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ነው። ምክንያቱም ለመጋል ፈጣን፣ ለመብረድ ግን ዘገምተኛ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ባለ አንድ ነጥቡ ምልክት 110 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለፖሊስተር ነው። ባለ ሁለት ነጥቡ 150 ነው፣ ለሱፍ። ባለ ሦስት ነጥቡ 200 ነው፣ ለጥጥ። የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ ተኩሱ። ጥጡን ረጠብ እንዳለ ያዙት። የመጨረሻው ሸሚዝ ሲጀመር ንቀሉ፤ ሲበርድ ደግሞ ሻርፑን ጨርሱበት።

ሥራ ቦታ

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ቀኑን ሙሉ በሙቀት ነው የሚሠሩት። ቀለሙ ዱቄት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሮለር ውስጥ አልፎ ሲቀልጥ ነው። ኮፒው ሙቅ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ማሽኑ ባንቀላፋ ቁጥር ሮለሩ እንደገና መሞቅ አለበት። ስለዚህ ሥራ አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ አውጡ። ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ሲሞቅ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ውስጥም ይነከሳል። የተከፈተ የወረቀት እሽግ በፕላስቲኩ ይጠቅለል። ወረቀት ሮለሩ ጋ ከተነከሰ ማሽኑን አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ላሚኔሽን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ላሚኔት አይደረግም። ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ማስረጃችሁም ጠፋ። መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት፣ ኮፒውን ላሚኔት አስደርጉት። ዋናውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻው) የሚያርፈው ሙሉ በሙሉ በደረቀ ፀጉር ላይ ብቻ ነው። እርጥብ ከሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ይሰባብረዋል። ስስ ፀጉር 150 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ወፍራም ቢሆንም ከ180 በላይ ባትሄዱ ይሻላል። አንዱን ክፍል አምስት ጊዜ ከመመላለስ አንዴ ቀስ ብሎ ማለፍ ይበልጣል። ካስክ (የፀጉር ማድረቂያው ቆብ) ሥር የተቀመጠችን ደንበኛ ደግሞ «አበዛብሽ እንዴ እህቴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዋ እየተቃጠለች ዝም ትላለች።

ካፌ ውስጥ ለማኪያቶ የሚሆን ወተት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይበቃዋል። የወተት ማሞቂያውን ጆግ እጅ መያዝ ሲያቅተው ደርሷል። ስኒዎቹ ማሽኑ አናት ላይ ይደርደሩ፤ እዚያ ያለው ሙቀት በነፃ ነው።

የቸርችል ጎዳናን ዳገት ስትወጡ መኪናችሁ ከጋለ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን አትንኩ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ከ92 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ቆይቷል። ክዳኑ እንደላላ ግፊቱ ይወርድና ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብረድ።

ቃጠሎ ከደረሰ

1. ከሙቀቱ አርቁ። በፍል ውሃ የራሰ ልብስ ይውለቅ፤ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ።

2. ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። ቧንቧው ከሌለ ከጄሪካን እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግም።

3. የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ። ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። የተቋጠረ ውሃ አታፍርጡ።

4. በንጹሕ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ፌስታል ሳታጠብቁ ሸፍኑት።

5. ቃጠሎው ከእጅ መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ በኤሌክትሪክ የደረሰ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።